ከኮምፔንሳቶው ማዶ ያለው ማብሪያ

እናንተ የዛሬ ሰዎች ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳውን ዳበስ ታደርጉና ቤቱ ቦግ ይላል። ማንንም አላስፈቀዳችሁ፣ ማንንም አላመሰገናችሁ። እኔ ግን በደርግ ዘመን እዚሁ ናዝሬት ውስጥ ቤቴን ለማብራት መጀመሪያ ጉሮሮዬን መጥረግ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ማንኳኳት፣ ከዚያ የጎረቤቴን ጤንነት፣ የወገባቸውን ሁኔታና የሽንኩርቱን ገበያ መጠየቅ ነበረብኝ። መብራቴ የሚበራው ይህ ሁሉ ሲያበቃ ነው። ያውም ደስ ካላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ አልማዝ የምንኖርበት ቤት ድሮ የአንድ ብርቱካን ነጋዴ ቪላ ነበር። ትርፍ ቤት ተብሎ ሲወረስ ቀበሌው ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ብሎ ሸነሸነው። ሳሎኑ የትልቅ ሰው ሳሎን ስለነበር ለአንድ ቤተሰብ አይገባም ተባለና መሃሉን በኮምፔንሳቶ ጋረዱት። ግማሹ ለኛ ደረሰን፤ ግማሹ አዴ ጫልቱ ለሚባሉ ሽንኩርት ነጋዴ። ኮምፔንሳቶ ማለት ለማታውቁት፣ ሰውን ከሰው የሚለይ፣ ወሬን ከወሬ የማይለይ ስስ ጣውላ ነው። የኛው ደግሞ ጣሪያ ሳይደርስ እንጨቱ አልቆበት ከላይ ክፍት ቀርቷል። አዴ ጫልቱ ሲያስነጥሳቸው እኔ "ይማርዎት" እላለሁ። እኔና አልማዝ ስንጣላ እሳቸው ያስታርቁናል፤ ያውም ካልጋቸው ሳይነሡ።

ጣውላውን ያቆመው አናጢ ስለ መብራቱ የነገረው ሰው አልነበረም። ባለ ቪላው፣ እግዜር ይስጠውና፣ በዋናው በር ሲገባ ከወዲያ ጫፍ ያለው አምፑል፣ በጓዳው በር ሲገባ ደግሞ ከወዲህ ጫፍ ያለው አምፑል እንዲበራለት አድርጎ ነበር ያሠራው። ምኑ እንደሚያስደስተው እሱ ያውቃል። እንግዲህ ኮምፔንሳቶው መሃል ሲገባ የኔ አምፑል ማብሪያ አዴ ጫልቱ ዘንድ ቀረ፣ የአዴ ጫልቱ አምፑል ማብሪያ እኔ ዘንድ። ራዲዮኑ በየቀኑ ኃያላን መንግሥታት አንዱ ሌላውን የሚያጠፋበትን ቁልፍ ይዞ በሰላም አብሮ ስለመኖር ሲያወራ እኔ ምንም ማስረጃ አላስፈለገኝም። ስለ ቤቴ ነበር የሚያወራው።

አዴ ጫልቱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ንግዱን ብቻቸውን ይዘው ጎህ ሳይቀድ በጭነት መኪና ዓለም ጤና ወርደው ሽንኩርት ይዘው ይመለሳሉ። ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ ሰው ደግሞ ከዶሮ ጋር ነው የሚተኛው። የኔ መብራት በኮምፔንሳቶው ራስ ላይ አልፎ ፊታቸው ላይ ስለሚያርፍ፣ እንቅልፋቸው ሲመጣ፣

"ኢልመ ኮ! የኔን አጥፋልኝ፣ ያንተንም ላጥፋ" ይላሉ። ኢልመ ኮ ማለት በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ልጄ የተባለ ሰው እንዴት እምቢ ይላል? ይጠፋል። ጀንበር ከጠለቀች ብዙ ሳይቆይ እኔ በጨለማ ተጋድሜ የአዴ ጫልቱን ማንኮራፋት አዳምጣለሁ።

እንዲህ እያልን በሰላም ስንኖር የአልማዝ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ እራት ሊበላ መጣ።

ጋሼ ታደሰ መልካሳ ምርምር ጣቢያ በማሽላና በቦሎቄ ላይ ከሚመራመሩት ሰዎች አንዱ ነው። የተማረ፣ ቁጥብ፣ ጸሎተኛ። ጴንጤ መሆን አንገት በሚያስደፋበት በዚያ ዘመን እንኳ ሳይጸልይ እህል አይቀምስም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን አስረዝሞ ይጸልያል። ይህን ቤት ከማግኘታችን በፊት እኔና አልማዝ በሱ ግቢ ጓሮ ከምታፈስ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበር የኖርነው። አንድ ቀን ክፉ አልተናገረንም። ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ባልዲ እያቀበለ፣ "አይዞህ፣ አንድ ቀን የራስህ ቤት ይኖርሃል" ይለኝ ነበር። ስድብ ከዚህ በላይ አለ? እናም ያን ማታ በራሴ ቤት፣ በራሴ ጠረጴዛ፣ ዶሮ አሠርቼ፣ ደረቴን ነፍቼ ጠበቅሁት። ጋሼ ታደሰ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ለቤቱ ጸለየ፣ ለአልማዝ ጸለየ፣ አልማዝ ሆድ ውስጥ ላለው ልጅ ጸለየ። በመጨረሻም፣

"ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት ላይ ብርሃንህን አብራ" አለ።

ድርግም።

"አሜን" ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ምንም ለውጥ አላየበትም። ደግሞ ጨፍኖ ገለጠው መሰለኝ። ከማዶ አዴ ጫልቱ፣ "ኢልመ ኮ፣ ተኛሁ እሺ!" አሉ።

ጋሼ ታደሰ በጨለማው ውስጥ፣ "እኔ ምልህ፣ በቤትህ መብራት የሚያዙት ጎረቤትህ ናቸው?" አለኝ። እራቱን በፋኖስ በልቶ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ተነሣ። በሩ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አይዞህ፣ አንድ ቀን" አለ።

በቃ! ደሜ ፈላ። "ከእንግዲህ በመብራቴ የማዝበት እኔ ነኝ፤ የራሴን ማብሪያ በራሴ በኩል እተክላለሁ!" አልኩ።

አልማዝ ሳህን እያነሣች፣ "ያንን ጫማ ሰፊ አስታውስ" አለችኝ።

ጫማ ሰፊውን መቼ ረሳሁት። ከኛ ጀርባ የሚኖር ሰው ነበር፤ ክፍሉ ታፍኖ ቢያስቸግረው የቀበሌውን ፈቃድ ሳይጠይቅ መስኮት ከፈተ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይልማ መጡና መስኮቱን አዩ። "የሕዝብ ቤት መብሳት አሻጥር ነው" አሉ። ሰውየው የከፈተውን መስኮት አየር ሳይጠግብበት ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ወጣ። ክፍሉም የጓድ ይልማ የአክስት ልጅ ቤት አጥቶ ሲንከራተት ነበርና ተሰጠው። ጓድ ይልማ ደግሞ አክስታቸው ብዙ፣ የአክስታቸው ልጆች ከዚያ የበዙ ነበሩ።

"እኛ ከዚህ ከወጣን መሄጃችን የት እንደሆነ ታውቃለህ" አለች አልማዝ ሆዷን ይዛ። "እኔ ይህን ልጅ እዚያ ከሚያፈስ ቤት አልወልድም። ነግሬሃለሁ።"

"እሱ መስኮት ነው የከፈተው። እኔ የምተክለው ማብሪያ ነው። ማን ያየዋል?"

ማን ያየዋል! ይቺን ቃል ያዙልኝ።

ሙያዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። የምሠራበት ፀጉር ቤት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። የሰው ልጅ አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ሲታሰርለት የማያውቀው ነገር የለም። እኔ ስለ ኮረንቲ ጥያቄ ባነሣ ጊዜ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ መሐንዲስ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሹፌር፣ "ቀላል ነው፤ ሽቦው ሁለት ነው፤ አንዱ መምጫ አንዱ መሄጃ" አለኝ። እንደ ባቡሩ ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ይህማ ምን ያቅታል? ሌላው፣ "ብቻ ፊውዙን ሳታወጣ እንዳትነካው" አለ። እሱን የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው፤ የሰውየውን ጆሮ ላለመቁረጥ እየተጠነቀቅሁ ነበር። ደግሞም እኔ የፀጉር መቁረጫ የእጅ ቶንዶዝ ፈትቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ መልሼ የምገጥም ሰው ነኝ። ቶንዶዝ ጥርስ አለው፤ ማብሪያ ምን አለው?

አዲስ ማብሪያ በዚያን ጊዜ በሱቅ አይገኝም። አሮጌ ዕቃ ተራ ሄጄ፣ ከዝገት ክምር መሃል ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ አንድ ጥቁር ክብ ማብሪያ አገኘሁ። እንደ ዛሬዎቹ የሚጫኑት አይደለም፤ ይጠመዘዛል። ሲጠመዘዝም ጧ! ይላል፤ በጥፊ የተመታ ሰው ይመስል። ሻጩ ጆሮዬ ሥር አንዴ ጧ አደረገውና፣ "ይኸውልህ፣ ድምፁን ሰምተህ ግዛ" አለኝ። እኔም እንደ ከበሮ ድምፁን ሰምቼ ገዛሁት።

አዴ ጫልቱ ዓለም ጤና የወረዱበትን አንድ እሁድ ጠብቄ ካቻቪቴና ፒንሳ ተውሼ ተነሣሁ። የኔ አምፑል ጠፍቷል፤ አዴ ጫልቱ አጥፍተውት ነው የሄዱት። መብራት ከሌለ ኮረንቲ የለም ብዬ ደመደምኩ። በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ ለአዲሱ ማብሪያ ኮረንቲ ልቀዳለት በኔ በኩል ያለውን የአዴ ጫልቱን ማብሪያ ክዳን ፈታሁና ሁለቱን ሽቦዎች ተመለከትኳቸው። የትኛው መምጫ፣ የትኛው መሄጃ እንደሆነ ፊታቸው ላይ አልተጻፈም። በጣቴ ነካሁት።

ወገኖቼ፣ መምጫው ነበር።

ከዚያ የማስታውሰው አልማዝ ልብስ ከዘፈዘፈችበት ሳፋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ፒንሳውን ለሰላምታ እንደሚነሣ እጅ ወደ ላይ ይዤ መገኘቴን ነው። ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። አልማዝ እሪ ብላ እየሮጠች መጣች፤ መተንፈሴን ስታይ ግን፣ "አንሶላዬን!" አለች። ፊውዙን ያወጣችው እሷ ናት። እኔ ፊውዙ የት እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር።

ኮረንቲ የቀመሰ ሰው አርፎ ይቀመጣል ትሉ ይሆናል። አይ ሞኝነት! ጠላኝ ያልከው ነገር ላይ እልህ ነው የሚይዝህ። ሽቦ ቆርጬ፣ ሽቦ ቀጥዬ፣ ጥቁሩ ፕላስተር ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር መገጣጠሚያውን በቁስል ፕላስተር ጠቀለልኩት። ግድግዳው ቀዶ ጥገና ተደርጎለት የተኛ በሽተኛ መሰለ። ፊውዙ ተመለሰ። ጠመዘዝኩ። ጧ!

የኔ አምፑል ዝም። በኮምፔንሳቶው ራስ ላይ ግን የአዴ ጫልቱ ክፍል ቦግ ብሎ ታየ። ሰው በሌለበት ቤት ብርሃን ሰጠሁ።

ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ አዟዟርኩ። እየመሸ ሲሄድ አንድ ነገር ሆነ፤ ሁለቱም አምፑሎች ባንድ ላይ በሩ! ግን ምን ዓይነት መብራት ነው? ለሁለት ተካፍለውት እንደ ከሰል ፍም ፈዘው ቀልተው ነው የበሩት። ለኔም ግማሽ፣ ለሳቸውም ግማሽ። በየሳምንቱ ውይይት ክበብ ሲያስተምሩን የከረሙት እኩል ክፍፍል ይኸው ቤቴ ገባ። ችግሩ፣ በዚያ ብርሃን ማንም ማንንም አይለይም።

በዚህ መሃል አዴ ጫልቱ ሽንኩርታቸውን አስጭነው ደረሱ። ገብተው ወደ ላይ ሲያዩ ሰማኋቸው።

"ማሎ! ይሄ መብራት ምን ሆኖ ነው ዓይኑ የቀላው? ጠጥቷል እንዴ?"

ዞረው በኛ በር ገቡ። እኔን በርጩማ ላይ፣ ካቻቪቴውን በእጄ፣ ጥቁሩን ማብሪያ በግድግዳው ላይ አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

"ኢልመ ኮ፣ ኮምፔንሳቶ ማንኳኳት ከበደህ?"

"አይ አዴ፣ እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ነው።"

"እኔ ተቸገርኩ አልኩ? እኔ ስታንኳኳ ሰው አለኝ እላለሁ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በሬን የሚመታ የለም፤ ያለኸኝ አንተ ነህ፤ አንተም ግድግዳ ነው የምትመታው።" ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔም በርጩማው ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ነገሩን ሁሉ ወደነበረበት መለስኩ። ያንን ያደረግሁት እንዴት እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፤ በአጋጣሚ ነው። የኔ መብራት እንደ ድሮው በሳቸው ማብሪያ፣ የሳቸውም በኔ። ጥቁሩን ማብሪያ ግን ልነቅለው እጄ እምቢ አለ። ከምንም ነገር ሳይገናኝ ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ፎቶግራፍ ቀረ። ስጠመዝዘው ጧ ይላል፤ ከዚያ በላይ ከሱ የሚጠበቅ ነገር የለም።

በማግስቱ ማታ አንኳኳሁ። "ማብሪያ አለህ አይደል? እሱን ጠምዝዝ" አሉኝ ከማዶ።

አድማ ተመታ። እኔም እልህ ተጋባሁና የሳቸውን ላለማብራት ወሰንኩ። ግን ከዶሮ ጋር የሚተኛን ሰው መብራት በመንሣት ምን ታደርገዋለህ? የኔ ቦምብ ባዶ ነበር። ይባስ ብሎ አልማዝ ለሚወለደው ልጅ ካልሲና ኮፍያ ትሠራ ነበርና በኩራዝ ዓይኔ ጠፋ ብላ ሹራቧን ይዛ አዴ ጫልቱ ዘንድ ሄደች። ከዚያ ሆና፣ "ውዴ፣ እስቲ አብራልን" አለችኝ። ምን ላድርግ? አበራሁ። አዴ ጫልቱ ለሷ ሲሉ መተኛታቸውን አቆዩት። እንግዲህ ሁለቱ በሙሉ ብርሃን ሲሳሳቁ፣ እኔ የብርሃናቸው ጠባቂ ሆኜ በኩራዝ ጭስ ሳስል አመሸሁ። እንዲህ ብዙ ማታ አለፈ።

ጎበዝ ሰው ቢሆን ይህን ውርደት ደብቆ ዝም ይላል። ግን ፀጉር ቤት ነው የምውለው አልኳችሁ። ያ ሹፌር መጣና፣ "እህሳ፣ ማብሪያው?" አለኝ። ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ምን ልበል? ሳፋ ውስጥ ወደቅሁ ልበል?

"ጧ! ቦግ!" አልኩ።

"አንተ!"

"ባንድ እጄ ነው የሠራሁት። እንዲያውም ቀበሌው ቢፈቅድልኝ ያን ሰፈር በሙሉ በሦስት ቀን..."

ማን ያየዋል ያልኩትን አስታወሳችሁ? አፌን ረስቼው ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጓድ ይልማ ጢማቸውን ሊላጩ መጡ። አረፋ ቀባሁ፣ ምላጩን ስዬ አንገታቸው ላይ አሳረፍሁ። ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ "ቤትህ ውስጥ አዲስ ማብሪያ ተክለሃል አሉ" አሉኝ።

ምላጩ ከኔ እጅ ነው፤ አንገቱ የሳቸው ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ግን እኔ። እንዲህ ያለ ፍርድ የት አገር አለ?

"ትንሽ ነገር ነው ጓድ" አልኩ።

"ነገ ማታ መጥተን እናየዋለን።"

በማግስቱ ጀንበር ስትጠልቅ ጓድ ይልማ ጠብመንጃ ካነገተ ጥበቃ ጋር መጡ። እንደ ልማዳቸው ክፍሉን በዓይናቸው እየለኩ ገቡ፤ የአክስታቸውን ልጅ አልጋ የት እንደሚያደርጉት ሲያስቡ ይታወቃል። አልማዝ ጥግ ላይ ሆዷን አቅፋ ተቀመጠች። ኩራዙ ጠረጴዛው ላይ ይንበለበላል።

"ማብሪያ ያለው ሰው ኩራዝ ምን ያደርግለታል?" አሉ ጓድ ይልማ።

"ቁጠባ ነው ጓድ።"

ወደ ጥቁሩ ማብሪያ ቀረብ አሉ። የቁስል ፕላስተሩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ድምፃቸውን የስብሰባ አድርገው፣ "እንግዲህ ስማ። የሕዝብን ቤት በገዛ እጁ የሚያሻሽል ሰው አለ፤ እሱ ለአብዮቱ አርአያ ነው። የሕዝብን ቤት የሚያበላሽ ሰው ደግሞ አለ፤ እሱ አሻጥረኛ ነው። አሻጥረኛ ይህን ቤት ነገ ጠዋት ይለቃል። አንተ የትኛው እንደሆንክ አሁን እናያለን። አብራው!"

ማብሪያው ከምን ጋር እንደተገናኘ ታውቃላችሁ። ከምስማር ጋር ነው።

እጄን ዘረጋሁ። የጋሼ ታደሰ ባልዲ ታየኝ። አልማዝ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔም በልቤ፣ የጋሼ ታደሰ አምላክ፣ ያን ማታ የቀረኸውን አሁን ና አልኩ። ጠመዘዝሁ።

ጧ!

ከኩራዙ በቀር የበራ የለም። ጥበቃው ጠብመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። ጓድ ይልማ አፋቸውን ሲከፍቱ ከኮምፔንሳቶው ማዶ አልጋ ሲጥ አለ፤ ነጠላ ጫማ ተንሸራተተ። ከዚያ፣

ቦግ!

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

"በራ!" አለ ጥበቃው።

"ግን ዘገየ" አሉ ጓድ ይልማ።

"ኮረንቲው ከቆቃ ነው የሚመጣው ጓድ" አልኩ። "መንገድ ነው።"

አሰቡበት። ቆቃ ቅርብ ቢሆንም መንገድ መንገድ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አጥፋው!"

ጧ! ድርግም። አሁንማ ፈጠነ። ያ የጣሊያን ማብሪያ እግዜር ይባርከው፣ ጧ ባለ ቁጥር በስሱ ጣውላ አልፎ አዴ ጫልቱ ጆሮ ይገባል። ሻጩ ድምፁን ሰምተህ ግዛ ያለኝ ለዚህ ኖሯል። ብቻ ጓድ ይልማ ገለል አደረጉኝና ራሳቸው ያዙት። ጧ! ቦግ። ጧ! ድርግም። ጧ፣ ጧ፣ ጧ! ሊቀመንበር ከሆኑ ጀምሮ ይህን ያህል ቶሎ የታዘዘላቸው ነገር አልነበረም መሰለኝ፣ እንደ ሕፃን ሣቁ። ከማዶ ማለክለክ ተሰማ።

"ያ የሚተነፍሰው ምንድነው?"

"ቆጣሪው ነው ጓድ። ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ይላል።"

ጓድ ይልማ ለመጨረሻ ጊዜ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ። ገና ሳይነኩት፣ ቦግ አለ።

ሁላችንም ቀጥ አልን። አዴ ጫልቱ ተቻኩለው ቀድመዋል። የጓድ ይልማ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

"ሳልነካው በራ።"

"ንቃቱ ከፍ ያለ ነው ጓድ" አልኩ።

አምፑሉን አዩት፤ መልሰው ማብሪያውን አዩት። ከዚያ ጓድ ይልማ ትከሻዬን ጨበጡ። "ይህ ነው የምንፈልገው!" አሉ ለጥበቃው። "ይህ ነው! ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ሲፈጥር እኛ ከውጭ ዕቃ እንጠብቃለን።" ቤቱን እንደገና አዩት፤ የአክስታቸውን ልጅ አልጋ ሲያነሡት ታየኝ። "ኑርበት" አሉ። "ተስፋፍታችሁ ኑሩበት።" በሩ ጋ ደርሰው ግን ተመለሱ። "የቀበሌያችን አዳራሽ ለአብዮት በዓል መብራት ያስፈልገዋል። መድረኩ፣ ወንበሩ፣ በሩ ሁሉ። አንተ ነህ የምትሠራው። ማብሪያውን በዕለቱ ሕዝቡ ፊት እኔ ራሴ እጠመዝዘዋለሁ። እንደዚሁ ጧ የሚል ይሁን።"

በዚያ ዘመን እምቢ የሚባል ቃል ነበር፤ የሚናገረው አልነበረም እንጂ። "እሺ ጓድ" አልኩ።

ሄዱ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። አልማዝ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ኮምፔንሳቶውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ብታቅፈው ደስ ይላት ነበር። እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግሁና አንኳኳሁ።

"አዴ።"

"ኢ..." ገና ያለከልካሉ።

"ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ቤቴን አቆዩልኝ። ያን ሁሉ አስቀይሜዎት..."

"ላንተ ብዬ አይደለም!" አሉ። "ለሆዷ ነው። ልጁ ሲወለድ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሲያለቅስ ልስማው ብዬ ነው። አንተማ በጨለማ ትተኛ ነበር።" ትንሽ አረፉ። "አንኳኳ ብትባል እምቢ አልክ፤ አሁን ስንቴ አስነሣኸኝ?"

"ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አንኳኳለሁ አዴ።"

"አንኳኳ።"

አልጋቸው ሲጥ አለ፤ ሊተኙ ነው ብዬ እኔም ልተኛ ተነሣሁ። ከዚያ እንደገና ድምፃቸው መጣ፤ አሁን ማለክለኩ ለቋቸዋል፤ እንዲያውም ሣቅ ሣቅ የሚል ነገር አለበት።

"ኢልመ ኮ?"

"አቤት አዴ።"

"የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ የድንጋይ ግንብ ነው። እኔን የት ልትሸጉጠኝ ነው?"

አልማዝ እስካሁንም መልሱን ትጠይቀኛለች። ያን ማታ ግን መልስ ከማግኘቴ በፊት አዴ ጫልቱ መብራቴን ድርግም አደረጉትና ተኙ።